ከኦም ሕግ እስከ ቆቦ የውሃ ጉድጓድ፤ ቮልቴጅንና አምፔርን አገናዝቦ የማስላት ታሪክ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ በኩል ወደ መቀሌ የሚያመራው ዋና መንገድ ወልድያን አልፎ ወደ ቆላው ሲወርድ ሰፊውን የራያ ሜዳ ያገኛል። ከባሕር ጠለል በላይ 1500 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው የቆቦ ከተማ የተመሠረተችው በዚሁ ሜዳ ላይ ነው። ሜዳውን በምዕራብ የደጋው ገደል፣ በምሥራቅ የዞብል ተራራ ያዋስኑታል። ሆርማትና ጎሊናን የመሳሰሉ ወንዞች ከምዕራቡ ደጋ እየተንደረደሩ ወርደው በሜዳው ላይ ይበተናሉ። የአካባቢው ገበሬም ከጥንት ጀምሮ ጎርፉን ወደ ማሳው እየጠለፈ ማሽላውንና ጤፉን ሲያበቅል ኖሯል። ዝናቡ ሲቀር ግን ጎርፉም ይቀራል፤ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ እንደገናም በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ድርቅና ረሃብ ክፉኛ ከተጎዱት የአገሪቱ ክፍሎች አንዱ ይህ የራያ ቆላና አጎራባቹ ነበር።

ነገሩን ይበልጥ የሚያሳዝነው፣ ሕዝቡ ውሃ አጥቶ በተሰደደበት ሜዳ ሥር ውሃ መኖሩ ነው። ለብዙ ዘመን ከደጋው እየታጠበ የወረደው አሸዋና ጠጠር የዝናቡንና የጎርፉን ውሃ በውስጡ አቁሮ ይዞታል። ይህን ውሃ ወደ ላይ ለማውጣት ሞተር ያስፈልጋል፤ ለሞተሩ ኃይል ለማድረስ ሽቦ ያስፈልጋል፤ ሞተሩንና ሽቦውን ለመምረጥ፣ ከተተከሉም በኋላ ጤንነታቸውን ለመጠበቅ ደግሞ ስሌት ያስፈልጋል። ስሌቱም ቮልቴጅንና ኮረንቲን ለክቶ ሬዚስታንስንና ኃይልን ማወቅ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ስሌት እንዴት እንደ ተወለደ፣ እንዴት ወደ አገራችን እንደ ገባና በቆቦ ሜዳ ላይ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በአጭሩ ማሳየት ነው።

የቃላቱ ነገር

በዕለት ተዕለት አማርኛችን ውስጥ ኤሌክትሪክ ብዙ ስም የለውም። ኃይሉ ሲቋረጥ «መብራት ጠፋ» ይባላል፤ ሰውን ሲመታ «ኮረንቲ ያዘው» ይባላል። ኮረንቲ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን፣ በትርጉሙ ፍሰት ማለት ብቻ ሆኖ ሳለ በእኛ ዘንድ የኤሌክትሪክ ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። ለባለሙያ ግን ሦስቱን ነገሮች ለያይቶ ማየት ግዴታው ነው። ለራያ ገበሬ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ውሃ በቦይ የሚወርደው ከፍታና ዝቅታ ስላለ ነው፤ ከፍታው ቮልቴጅን ይመስላል። በቦዩ ውስጥ በአንድ ሴኮንድ የሚያልፈው የውሃ መጠን ኮረንቲን ይመስላል። የቦዩ ጥበት፣ ርዝመቱና በውስጡ ያለው ድንጋይ ደግሞ ፍሰቱን የሚያግደውን ሬዚስታንስ ይመስላሉ። ከፍታው ሲጨምር ፍሰቱ ይጨምራል፤ ቦዩ ሲጠብና ሲረዝም ፍሰቱ ይቀንሳል። ዛሬ ቀላል መስሎ የሚታየው ይህ ግንኙነት ግን በቁጥር እስኪጻፍ ድረስ ብዙ ድካም ጠይቋል።

የመቆለፊያ ሠሪው ልጅ

አሌሳንድሮ ቮልታ ያልተቋረጠ የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚሰጠውን ባትሪ ለዓለም ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ1800 ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሃያ አምስት ዓመታት ውስጥ የኤሌክትሪክ ሙከራ በአውሮፓ ተስፋፋ፤ ይሁን እንጂ አንዱ ሽቦ ከሌላው ለምን የተሻለ ያስተላልፋል፣ ምን ያህልስ ይበልጣል ለሚለው ጥያቄ የረጋ መልስ አልነበረም። መልሱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1789 በጀርመን አገር በኤርላንገን ከተማ ከመቆለፊያ ሠሪ ቤተሰብ የተወለደው ጌኦርግ ሲሞን ኦም ነው። ኦም በዚያን ጊዜ በኮሎኝ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነበር።

የኦም ትልቁ ችግር የዘመኑ ባትሪ ነበር፤ ሥራ ላይ ሲውል ወዲያው እየደከመ መለኪያውን ያሳስተው ነበር። ስለዚህ ባትሪውን ትቶ የቢስሙትና የመዳብ መጋጠሚያን አንዱን ጫፍ በፈላ ውሃ፣ ሌላውን በበረዶ ውስጥ በማኖር የማይለዋወጥ ቮልቴጅ አገኘ። ከዚያም ርዝመታቸው የተለያየ ስምንት የመዳብ ሽቦዎች በየተራ እያገናኘ የፍሰቱን ብርታት በተንጠለጠለ የማግኔት መርፌ ለካ። ሽቦው በረዘመ መጠን ፍሰቱ በተወሰነ ሥርዓት እየቀነሰ መሄዱን አየ። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1826፣ ሙሉ የሒሳብ ትንታኔውን ደግሞ በ1827 አሳተመ። ይህም ዛሬ እያንዳንዱ ተማሪ የሚያውቀው ቀመር ነው፤ ቮልቴጅ ለኮረንቲ ሲካፈል ሬዚስታንስን ይሰጣል።

መጽሐፉ በአገሩ ሰዎች ዘንድ ሞቅ ያለ አቀባበል አላገኘም። ኦም የኮሎኝ ሥራውን ለቀቀ፤ እስከ 1833 ድረስም ለሙያው የሚመጥን ቦታ ሳያገኝ ቆየ። የለንደን ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊ ሜዳይን የሸለመው በ1841 ነበር። በሙኒክ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰርነት ያገኘው በ1852፣ ይኸውም ከመሞቱ ሁለት ዓመት ብቻ ቀደም ብሎ ነው።

ኪሳራ ያስተማረው መለኪያ

ኦም ፍሰቱን ከሽቦው ጠባይ ጋር ሲያገናኝ፣ የእንግሊዝ ጠማቂ ልጅ የነበረው ጄምስ ጁል ደግሞ ፍሰቱን ከሙቀት ጋር አገናኘ። እ.ኤ.አ. በ1841 ባሳተመው ጥናት በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት በኮረንቲው ልክ ሳይሆን ኮረንቲው በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ልክ እንደሚያድግ አሳየ። ይህም ማለት ኮረንቲው እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። የኦምና የጁል ግኝቶች ሲጣመሩ የኃይል ቀመር ይገኛል፤ ኃይል ማለት ቮልቴጅ ሲባዛ በኮረንቲ፣ ወይም ኮረንቲ በራሱ ተባዝቶ ሲባዛ በሬዚስታንስ ነው።

ይሁንና ሕጉ በመጽሐፍ መኖሩ ብቻ በሥራ ላይ አላዋለውም። ዓለምን ወደ መለኪያ የገፋው የቴሌግራፍ ኪሳራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1858 በአትላንቲክ ውቅያኖስ ሥር የተዘረጋው የመጀመሪያው ገመድ ጥቂት ሳምንታት ብቻ አገልግሎ ከጥቅም ውጪ ሆነ፤ ከምክንያቶቹም አንዱ የመስመሩን ጠባይ በሚገባ ሳይለኩ እጅግ ከፍተኛ ቮልቴጅ መላካቸው ነበር። ብዙ ገንዘብ ባሕር ውስጥ ከቀረ በኋላ በ1861 የእንግሊዝ ሳይንቲስቶች የሬዚስታንስ መለኪያ የሚወስን ኮሚቴ አቋቋሙ። በ1881 በፓሪስ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ቮልት፣ አምፔርና ኦም የሚሉትን ስሞች አጸደቀ፤ ለኃይል መለኪያ ዋት የሚለውን ስም በ1882 ያቀረበው ዊልያም ሲመንስ ነው። በ1893 የቺካጎ ጉባኤ አንድ ኦምን ርዝመቱ 106.3 ሴንቲ ሜትር በሆነ የሜርኩሪ ዓምድ ወሰነው። ዛሬ ግን መለኪያው በዕቃ ላይ አይመሠረትም፤ ክላውስ ፎን ክሊትሲንግ በ1980 ባገኘው የኳንተም ክሥተትና በ2019 ሥራ ላይ በዋለው አዲስ የመለኪያ ሥርዓት አማካይነት ኦም በተፈጥሮ ቋሚ ቁጥሮች ላይ ጸንቷል።

ወደ ኢትዮጵያ

በአገራችንም ከመብራቱ ጎን ለጎን ታሪኩን የከፈተው የመልእክት ሽቦ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መስመር ተዘረጋ፤ እ.ኤ.አ. ከ1902 እስከ 1904 ደግሞ ከአሥመራ አዲስ አበባ የሚደርሰውና 880 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው መስመር ተሠራ። የኦም ሕግ ለእንዲህ ያለው መስመር ምን ማለት እንደሆነ ለማየት ለምሳሌ ያህል ወፍራምነቱ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ሽቦ እንውሰድ። የዚህ ዓይነቱ ሽቦ ሬዚስታንስ በኪሎ ሜትር 8 ኦም ያህል ነው። በ477 ኪሎ ሜትር ላይ 3800 ኦም ገደማ ይሆናል። በዚህ መስመር 20 ሚሊ አምፔር ለማሳለፍ ወደ 76 ቮልት ያስፈልጋል። ስለዚህ ባትሪው ስንት ጥንድ ይሁን የሚለው ጥያቄ በግምት ሳይሆን በማባዛት ይመለሳል።

የኤሌክትሪክ መብራት በቤተ መንግሥቱ የታየው እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጨረሻ ነው። ብዙ ዘመን ግን የጥቂቶች ብቻ ሆኖ ቆየ። የኢትዮጵያ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በ1948 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ የቆቃ ኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1960፣ የጢስ ዓባይ በ1964፣ የፊንጫ በ1973 ሥራ ጀመሩ። ከመረቡ የራቁ ከተሞች በናፍጣ ጄኔሬተር ይገለገሉ ነበር። ባለሥልጣኑ በ1989 ዓ.ም. ኮርፖሬሽን ሆነ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ማመንጨትና ማስተላለፍ ለአንዱ፣ ሥርጭትና አገልግሎት ለሌላው ተቋም ተከፈለ። በሙያ ትምህርት በኩል እ.ኤ.አ. በ1942 የተከፈተው የአዲስ አበባ ቴክኒክ ትምህርት ቤትና በ1963 የተቋቋመው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ፣ ሽቦ ከመዘርጋት አልፎ ቮልትና አምፔርን አገናዝቦ የሚያሰላ ባለሙያ ለማፍራት ሰፊ ድርሻ ነበራቸው።

ስሌቱ በቆቦ ሜዳ

በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ሥራውን ሲጀምር የሜዳው ታሪክ አዲስ ምዕራፍ ያዘ። ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ በውሃ ውስጥ ጠልቀው የሚሠሩ የኤሌክትሪክ ፓምፖች ገቡ፤ ጠብታና ርጭት መስኖ ተዘረጋ። ጎርፍ ይጠብቅ የነበረው ገበሬ ሽንኩርትና ቲማቲም ማምረት ጀመረ። በዚህም የገበሬው ኑሮ ከዝናቡ ጋር ብቻ ሳይሆን ከሽቦው ጋርም ተሳሰረ።

አንድ ፓምፕ በሴኮንድ 40 ሊትር ውሃ 60 ሜትር ወደ ላይ ያወጣል እንበል። ውሃውን ለማንሣት ብቻ 23.5 ኪሎ ዋት ያስፈልጋል። የሞተሩና የፓምፑ የጋራ ብቃት 60 በመቶ ቢሆን ከመስመሩ የሚሳበው ኃይል ወደ 39.2 ኪሎ ዋት ይደርሳል። በባለ ሦስት ፌዝ 380 ቮልት፣ ፓወር ፋክተሩ 0.85 ሲሆን፣ ኮረንቲው ወደ 70 አምፔር ነው። ይህ ኮረንቲ ሬዚስታንሱ በኪሎ ሜትር 0.6 ኦም በሆነ ሽቦ አንድ ኪሎ ሜትር ቢሄድ 62 ቮልት ያህል በመንገድ ይቀራል፤ ከ8 ኪሎ ዋት በላይ የሆነ ኃይልም ሽቦውን በማሞቅ ይባክናል። ያው ኃይል በ15 ሺህ ቮልት ቢላክ ግን ኮረንቲው ወደ 1.8 አምፔር ስለሚወርድ በዚያው ሽቦ ላይ የሚባክነው 6 ዋት እንኳ አይሞላም። ትራንስፎርመር ከጉድጓዱ አጠገብ የሚተከልበት ምክንያት የጁል ቀመር ነው።

በዚህ ላይ በብዙ ሰው ዘንድ የማይስተዋል አንድ ነገር አለ። በከተማው ያለች እናት የእንጀራ ምጣድና በሜዳው ያለው የፓምፕ ሞተር ከአንድ መረብ ይመገባሉ፤ ቮልቴጅ ሲወርድ ግን ጠባያቸው ተቃራኒ ነው። በ220 ቮልት 3500 ዋት የሚስብ ምጣድ 16 አምፔር ገደማ ይወስዳል፤ ሬዚስታንሱም ወደ 13.8 ኦም ነው። ቮልቴጁ ወደ 180 ቢወርድ ኮረንቲው ወደ 13 አምፔር፣ ኃይሉም ወደ 2350 ዋት ይወርዳል። እንጀራው ዓይን አያወጣም፤ ምጣዱ ግን አይጎዳም። ባለቤቲቱም «መብራቱ ደከመ» ብላ ትጠብቃለች። ሞተር ግን እንዲህ አይደለም። ጉድጓዱ የሚጠይቀው ሥራ ስላልቀነሰ፣ የጎደለውን ቮልቴጅ በኮረንቲ ለማካካስ ይታገላል። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ 380 ቮልቱ ወደ 340 ሲወርድ ኮረንቲው ከ70 ወደ 78 አምፔር ከፍ ይላል። ጭማሪው 12 በመቶ ብቻ ቢሆንም በጥቅልል ሽቦው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት 25 በመቶ ያድጋል። ከመጠን በላይ ኮረንቲ ሲያልፍ የሚቆርጠው መሣሪያ በትክክል ካልተስተካከለ፣ ወይም «ቶሎ ቶሎ ያጠፋብናል» ተብሎ ከመስመር ውጪ ከተደረገ፣ ሞተሩ ይቃጠላል። የተቃጠለውን ሞተር አውጥቶ፣ አስጠግኖ መልሶ እስኪያስገቡት ድረስ ደግሞ ማሳው አይታገሥም።

ከዚህ የምንረዳው የኦም ሕግ ለምጣድ ቀጥተኛ፣ ለሞተር ግን ጥንቃቄ የሚሻ መሆኑን ነው። የሞተር ቮልቴጅ ለኮረንቲው ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር የጥቅልሉ ሬዚስታንስ አይደለም፤ ሞተሩ ሲዞር ራሱ የሚያመነጨው ተቃራኒ ቮልቴጅ በመካከል አለና። የጥቅልሉን ሬዚስታንስ ለማወቅ ሞተሩ ቆሞ፣ ከመስመር ተለያይቶ ሊለካ ይገባል።

ዓይን የማያየውን ማየት

ጉድጓድ ውስጥ ያለውን ሞተር ዓይን አያየውም፤ እጅም አይዳስሰውም። ያለበትን ሁኔታ የሚናገሩት ከላይ የሚለኩት ቁጥሮች ብቻ ናቸው። በሦስቱ ፌዞች መካከል የሚለካው የጥቅልል ሬዚስታንስ እኩል ካልሆነ በውስጥ የተጎዳ ሽቦ ወይም የላላ መገጣጠሚያ አለ ማለት ነው። በ500 ቮልት የሚሠራው የኢንሱሌሽን መለኪያ አንድ ሜጋ ኦም ቢያሳይ፣ ወደ መሬት የሚያፈስሰው ኮረንቲ ግማሽ ሚሊ አምፔር ነው፤ ቁጥሩ ከወር ወደ ወር እየወረደ ከሄደ ውሃ ወደ ገመዱ ወይም ወደ ጥቅልሉ እየገባ ነው። ቮልቴጁ ደኅና ሆኖ ኮረንቲው ከወትሮው ከወረደ የውሃው ከፍታ ወርዶ ወይም ፓምፑ በአሸዋ ተበልቶ ይሆናል፤ ከአንዱ ፌዝ ላይ ኮረንቲ ከጠፋም ሞተሩ በቶሎ ካልቆመ ይቃጠላል።

የመዳብ ሬዚስታንስ ከሙቀት ጋር ስለሚያድግ ሞተሩ ቴርሞሜትር ሳይገባበት ሙቀቱ ይታወቃል። በ25 ዲግሪ ሙቀት 0.40 ኦም የነበረ ጥቅልል ሞተሩ እንደ ቆመ ሲለካ 0.48 ኦም ቢሆን፣ የጥቅልሉ አማካይ ሙቀት ወደ 77 ዲግሪ ደርሷል። ኦም ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በበረዶና በፈላ ውሃ መካከል ያደረገው ጥንቃቄ የተሞላበት ልኬት፣ በራያ ሜዳ ላይ በመሬት ውስጥ የተቀበረን ሞተር ትኩሳት ለማወቅ ያገለግላል።

ስሌቱ ከሞተሩም አልፎ ስለ ውሃው ራሱ ይመሰክራል። በምሳሌው መሠረት አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ለማውጣት 0.27 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። የጉድጓዱ ውሃ ወርዶ 60 ሜትሩ 75 ቢሆንና ብቃቱ ባይለወጥ፣ ለዚያው ውሃ 0.34 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠየቃል። ስለዚህ የቆጣሪውን ንባብ ከውሃው መጠን ጋር ዓመት በዓመት የሚያስተያይ ሰው፣ ከመሬት በታች ያለው ሀብት ከሚተካው በላይ እየተቀዳ መሆን አለመሆኑን አስቀድሞ ይጠረጥራል።

የባለሙያው ዕዳ

ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነቱ ወደ ራያ ቆላና ወደ ሰሜን ወሎ ሲስፋፋ የኤሌክትሪክ መስመሩ ተቋረጠ፤ የመስኖ ጉድጓዶቹ ዕቃዎችም ለጉዳት ተዳረጉ። ቆቦና አካባቢዋ ኃይል ያገኙ የነበረው ከአላማጣ ማከፋፈያ ጣቢያ በመሆኑ፣ ጉዳቱ አንድ መስመር ሲቆም ስንት ማሳ እንደሚቆም ለሁሉም ግልጽ አደረገ። እንዲህ ካለው ጥፋት በኋላ የሚደረግ ጥገና ዕቃ በመተካት ብቻ ሊያበቃ አይገባም። አዲሱ ሞተር ሲገባ የመጀመሪያ ቀን ቮልቴጁ፣ የሦስቱ ፌዝ ኮረንቲ፣ የጥቅልሉና የኢንሱሌሽኑ ሬዚስታንስ፣ የውሃው መጠንና ከፍታ ካልተመዘገበ፣ ከዓመት በኋላ የሚለካው ቁጥር የሚነጻጸርበት መነሻ አይኖረውም።

የአትላንቲክ ገመድ ሲበላሽ ኪሳራውን የተሸከሙት ባለ ብዙ ገንዘብ ኩባንያዎች ስለ ነበሩ መለኪያው በፍጥነት ተደራጀ። በቆቦ ሜዳ አንድ ሞተር ሲቃጠል ግን ኪሳራውን የሚሸከመው ሽንኩርቱ የደረቀበት ገበሬ ነው፤ እርሱም መለኪያ እንዲገዛለትና ስሌቱ እንዲብራራለት የሚጠይቅበት ጉባኤ የለውም። በመሆኑም ግዴታው በሙያው ላይ ይወድቃል። በየጉድጓዱ የተመደበው የፓምፕ ኦፕሬተር ኮረንቲውን አቅፎ የሚለካ አንድ መሣሪያና ዓምዶቹ በአማርኛ የተሠመሩ አንድ መዝገብ ቢኖረው፣ ማካፈልና ማባዛት የሚችል ሁሉ ሥራውን ሊሠራው ይችላል። ይህን መዝገብ አዘጋጅቶ ማስረከብ፣ ኦፕሬተሩንም አብሮት ተቀምጦ ማሠልጠን፣ ፓምፑን ከተከለው መሐንዲስ ሥራ ተለይቶ የሚታይ አይደለም።